«አልነዳም» ባሉኝ ሹፌር ላይ ዋሸሁ

ቅዱሳን፣ ጌታ ይባረክ! ታደለ እባላለሁ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ብዬ ፈቃድ ጠይቄ ነው የወጣሁት። ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ስምሪት ላይ ስለሠራሁ የማወራው እንደ ሪፖርት ነው፤ እንባም ቶሎ አይመጣልኝም። ታገሡኝ።

እዚሁ አዳማ አንድ የጭነት ድርጅት ውስጥ የስምሪት ኃላፊ ነበርኩ። የትኛው መኪና የት እንደሚሄድ፣ ማን እንደሚነዳው የምወስነው እኔ ነኝ። በስም ክርስቲያን ነበርኩ፤ ለበዓል እሳለማለሁ፣ ከዚያ ውጭ እግዚአብሔርን አላስቸግረውም፣ እሱም እንዲያስቸግረኝ አልፈልግም። ሹፌሮቹ «ሂድ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውልኝ ነበር። ዝናብ ነው ሲሉኝ «ሂድ»፣ አሞኛል ሲሉኝ «ሂድ»።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ አሰላ ሄጄ ገብስ አስጭን ነበር። ሹፌሩ ጋሽ ገመቹ ይባላሉ። በዕድሜ ይበልጡኛል፤ ጌታን የሚወዱ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ጉሙም መንገዱን ውጦታል። ጭነቱ ሲያልቅ ጋሽ ገመቹ መኪናውን ዞረው አዩና ቁልፉን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«አለቃ፣ የኋላ ጎማዎቹ ጥርሳቸው አልቋል። ፍሬኑም ወደ ግራ ይስባል። ባለፈው ሳምንት ነግሬህ ነበር። በዚህ ዝናብ የኢተያን ቁልቁለት አልወርድም።»

«ትወርዳለህ!» አልኳቸው።

«ጎማው ይቀየር፣ ፍሬኑም ይሠራ። ያኔ እነዳለሁ። አሁን ግን አልነዳም። መብቴ ነው።»

«የምን መብት? እንግዲያው ወደ ቤትህ ግባ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የለህም!»

ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡና «በእናትህ፣ አንተም አትንዳው» ብለውኝ ሄዱ። ወገኖች፣ ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ። አባርሬያቸው ሳለ የፈሩት ለእኔ ነው።

እኔም ድሮ ሹፌር ነበርኩ። እልህ ያዘኝና ጋቢና ገባሁ። ኢተያን አልፌ ቁልቁለቱን ስጀምር የመስታወቱ መጥረጊያ ዝናቡን አልቻለውም። ኩርባው ላይ አንድ የፈረስ ጋሪ ድንገት ከፊቴ ብቅ አለ፤ ላስቲክ የተከናነቡ ሁለት ሴቶች ተቀምጠውበታል። ፍሬን ያዝኩ። መኪናው ወደ ግራ ሳበ፣ ኋላው ተንሸራተተ፣ ጋሪውን በክንድ ርቀት አልፎ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። ሴቶቹን ምንም አልነካቸው። ሃሌ ሉያ! ለዚህ ብቻ ዕድሜ ልኬን ባመሰግን አይበቃም።

ሰው ተሰበሰበ። ክንዴን ይዘው ሊጎትቱኝ ሲሉ «አትንኩት! ማንም እንዳይጎትተው!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ገመቹ ናቸው። በሚኒባስ ወደ አዳማ ሲወርዱ ደረሱብኝ። ሳንቃ አስመጥተው፣ ቀስ ብለው አስተኝተውኝ፣ በጭነቱ ገመድ አስረው አወጡኝ።

ሆስፒታል ዶክተሩ ራጁን አይተው «ማነው ያወጣህ?» አሉኝ። «ዳሌህ ተሰብሯል፣ አከርካሪህም ተጎድቷል። ጎትተውህ ቢሆን ኖሮ ዳግመኛ አትራመድም ነበር።» ስሙ ይባረክ!

አሁን የሚያሳፍረኝን ልናገር። መርማሪ አልጋዬ ድረስ መጣ። «ሹፌሩ ስለ ጎማውና ስለ ፍሬኑ ነግሮህ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አልነገረኝም» አልኩ። «ሥራ ጥሎ ነው የሄደው።» ፈረምኩበት። ሕይወቴን ካተረፉ በአራተኛው ቀን ነው ይህን ያደረግኩት። ወሬው ተዛመተና አዳማ ላይ ጋሽ ገመቹን የሚቀጥር ጠፋ።

እሳቸው ግን በየሳምንቱ ይመጣሉ። «አካም ጅርታ?» ብለው ደህንነቴን ይጠይቁኛል፤ ባለቤታቸው የሠሩትን አጥሚት ያስቀምጣሉ፤ ትንሽ ተቀምጠው ይሄዳሉ። በሦስተኛው ሳምንት አልቻልኩም።

«ጋሽ ገመቹ፣ የሰጠሁትን ቃል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ይመጣሉ?»

«ታመሃላ።»

«አልተናደዱብኝም?»

«ተናድጃለሁ እንጂ! ሚስቴማ ከእኔ ብሳለች። አጥሚቱን ግን እሷው ናት የምትሠራው። እኔም በየቀኑ ጌታ ፊት እንበረከካለሁ። ይቅር ማለቱን ገና አልጨረስኩም።»

ቢቆጡኝ መልስ ነበረኝ። እንዲህ ሲሉኝ ግን «ይጸልዩልኝ» አልኳቸው። እጄን ይዘው ግማሹን በኦሮምኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ጸለዩ። መብረቅ አልወረደም፤ አልጋውም አልተንቀጠቀጠም። እኔ ያልኩት «ኢየሱስ ሆይ፣ ዋሽቻለሁ፤ የሰው ነፍስ ንቄያለሁ፤ ማረኝ» ብቻ ነው። በዚያች ሰዓት ጌታን ተቀበልኩ። ክብር ለስሙ ይሁን!

በማግሥቱ መርማሪውን አስጠርቼ እውነቱን ነገርኩት። ወንድሜ «በገዛ አፍህ እንጀራህን ዘጋህ፤ አብደሃል እንዴ?» አለኝ። ድርጅቱ አሰናበተኝ፤ የሚገባኝ ነው። ጋሽ ገመቹን ይመለሱ ቢሏቸው እምቢ አሉ፤ ዛሬ ከባቱ አትክልት ያመላልሳሉ። ዶክተሩ «ታነክሳለህ» ብለውኝ ነበር፤ ስወጣ እንዳያችሁኝ አነክሳለሁ። የኔ ፈውስ ሌላ ነው፣ ወገኖች።

አሁን አራት መኪና ካለው ሰው ጋር፣ እዚያው ስምሪት ላይ እሠራለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት አንድ ሹፌር ከአሰላ ደወለልኝ። ድምፁ ይፈራል። «ጋሼ፣ ጉሙ ከብዷል፤ አልወርድም» አለኝ።

«ጎሽ። እዚያው ቆይ፤ ለደንበኛው እኔ እነግረዋለሁ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እውነትዎን ነው?» አለኝ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እኔም ያን ቀን አልጋው ላይ ሆኜ ጌታ ይቅር እንዳለኝ ሳውቅ በልቤ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ጌታ እውነቱን ነው። እናንተም ኑ፣ እመኑት።