ለዘነቡ የያዝኩት ቦታ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ለመኪና እንደተከፈተ ከቢቸና ወደ ሞጣ ተነሣሁ። ለአለቃዬ፣ «ወዳጅ ልጠይቅ ነው» አልኩት። እውነቱ ግን ዘፈን ልሰማ ነበር፤ ጠጉሩ የሸበተ የጤና ጣቢያ ድሬሰር ለዘፈን ፈቃድ ሲጠይቅ ያሳፍራል።

አዲስ አበባ ሳለን እኔና ባለቤቴ ዘነበች ደመወዝ በወጣ ቁጥር ወይ ቴአትር አዳራሽ ወይ አዝማሪ ቤት ሳንሄድ አንቀርም ነበር። ዘነቡ እያልኩ ነው የምጠራት። እኔ ቀድሜ ገብቼ ከጎኔ ቦታ እይዝላታለሁ፤ እሷ በመንገድ ያገኘችውን ሁሉ ሰላም ስትል ቆይታ ትደርሳለች። ለአዝማሪ ግጥም የምትሰጠውም እሷ ነበረች፤ የእኔ ሥራ መሳቅ ብቻ ነው።

ከሞተች ሦስት ዓመት አለፈ። ቢቸና ልመደብ ብዬ ያመለከትኩት ከዚያ ከተማ ለመራቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዘፈን ያለበት ቤት ረግጬ አላውቅም፤ ሬዲዮኑንም ዜናው አልቆ ዘፈን ሲጀምር እዘጋዋለሁ። በቅርቡ ግን አቶ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ጨርቅ ነጋዴ ዓይናቸውን ሊታከሙ መጥተው፣

«ሐኪም፣ ከሱቄ ፊት ለፊት ካለው ጠጅ ቤት አንዲት ዘፋኝ መጥታለች። ጠጁ ለእኔ ባይሆንም ድምጿን ከሱቄ ሆኜ እሰማለሁ። እስቲ ይምጡ፤ ማደሪያው እኔ ቤት ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ልቤ አላረፈም። ዘፈን ባለበት ቤት እስከ መጨረሻው መቀመጥ እችል እንደሆነ ማወቅ ፈለግኩ።

ዓርብ፣ መንገድ ላይ

ጧት ጨው የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ በሁለት ብር ተሳፈርኩ። እስከ ደብረ ወርቅ ጭቃው አልደረቀም፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። በግራችን ጮቄ ደመና ተከናንቦ ይታያል፤ በቀኛችን የጤፉ ማሳ ገና ለጋ ነው። ግንደወይን ስንደርስ ሽሮ በላን። ሹፌሩ እጁን እየታጠበ፣

«ሞጣ ዘመድ አለህ እንዴ?» አለኝ።

«የለኝም። ዘፈን ልሰማ ነው።»

«ለዘፈን ብለህ ይህን ሁሉ ጭቃ? አንተስ ጤናም የለህ!» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅኩ።

ቅዳሜ፣ ሞጣ

ገበያው መበተን ሲጀምር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ጠጅ ቤቱ ገባሁ። ቤቱ በጭቃ የተመረገ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ብርሌ ጠጅ በስሙኒ ገዝቼ ግድግዳ ሥር ካለው መደብ ተቀመጥኩ። ጋቢዬንም አጥፌ ከጎኔ አኖርኩት። ቤቱ ወዲያው ሞላ። አንድ ከገበያ የሚመለሱ ሽማግሌ ዱላቸውን ተደግፈው መጡና፣

«ልጄ፣ ይህ ቦታ ሰው አለው?» አሉ።

«አዎ አባቴ፣ ሰው አለው።»

ሽማግሌው ጥግ ይዘው ቆሙ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ያኔ ነው። አፈርኩ፤ ግን ጋቢውን ለማንሣት እጄ እምቢ አለ።

ማሲንቆው ጀመረ። ከሬዲዮ የሚሰማው ማሲንቆና ከፊት ለፊት የሚመታው ለየቅል ናቸው። የጭራው ሻካራ ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ዘፋኟ ትንፋሽ ስትስብ ይሰማል፤ ሰው ሲስቅ ጠብቃ ትቀጥላለች። ይህን ሁሉ ረስቼው ኖሯል። ዘነቡ ክፉኛ ናፈቀችኝ። አልቻልኩም፤ ልወጣ ብድግ አልኩ።

ዘፋኟ አየችኝ። «ጌታዬ፣ ወዴት ነው? ሽማግሌ አቁመው ቦታ የያዙላትን ሳያሳዩን?» ስትል ቤቱ በሳቅ ተሞላ። «በሉ ስሟን ይንገሩኝና ልጥራልዎት!»

«ዘነቡ ናት» አልኩ። «አትመጣም።»

ሳቁ ቆመ። መቀመጥ ነበረብኝ ወይም መውጣት፤ እኔ ግን በሕይወቴ አድርጌው የማላውቀውን አደረግኩ። «ተቀበይ» አልኳት።

*ቦታዋን ያዝኩ እንጂ ዘነቡ አትመጣም፣*
*አፈር ቢጫናትም ከልቤ አትወጣም።*

ዘፋኟ ዓይኖቿን ጨፍና ግጥሙን ከአፌ እንደወጣ ተቀበለችው፤ ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለው ቤቱ በሙሉ «ዘነቡ፣ ዘነቡ» እያለ አጨበጨበ። ቢቸና ውስጥ ስሟን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም፤ እዚህ አይቷት የማያውቅ ሁሉ ይጠራታል። እንባዬ ወረደ፣ ደግሞም ደስ አለኝ፤ ሁለቱ አብረው መጡ።

ጋቢዬን አነሣሁ። «አባቴ፣ ይቀመጡ።»

«ነፍሷን ይማር» አሉና ሽማግሌው ከጎኔ ተቀመጡ። እስከ መጨረሻው አብረን አጨበጨብን።

ስወጣ አቶ ሰይድ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ነበር። «ከዚህ ሆኜ ስሟን ሰማሁት» አሉኝና ክንዴን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱኝ።

ቢቸና

በተመለስኩ ማታ ሬዲዮኑ ከዜናው በኋላ ዘፈን ጀመረ፤ አልዘጋሁትም። ዘፋኙ ጎበዝ ነው። ሳላስበው «ተቀበል» አልኩት። እሱ የራሱን ዘፈን ቀጠለ፤ እኔም ብቻዬን ሳቅኩ። ለካስ ይህን ያህል ዘመን የናፈቀኝ ስሟን የሚቀበለኝ ሰው ነበር።

ዛሬ የጨው መኪናውን ሹፌር አግኝቼ ለሚመጣው ገበያ ቦታ እንዲይዝልኝ ነግሬዋለሁ። ሞጣ ስደርስ ጋቢዬን ለብሼው እቀመጣለሁ።