የውሻው ካልሲ

ዘበኛው በዝግታ ተንበርክኮ የእጁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ አሳረፈና ወዲያው መንጭቆ አነሳው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ውሻው ከአሮጌ ካኪ እጅጌ የተሰፋ ካልሲ በአራት እግሩ አጥልቆ ጥላ ስር ይጠብቃል። ዘበኛው ራሱ ያደረገው ሶሉ ያለቀ ነጠላ ጫማ ነው።

ማዶ ነዳጅ የምትቀዳው ልጅ ሳቀች። «አባባ፣ ለእሱ ካልሲ፣ ለእርስዎ ነጠላ ጫማ?»

«ምን ላድርግ ልጄ፣ ስኳሩ እግሬን አደንዝዞታል። ባለፈው መሬቱ አልሞቀም ብዬ ይዤው ስዞር ውስጥ እግሩ ተላጠ።»

«እርስዎንስ ቢያቃጥልዎት?»

«እሱ ሲያቃጥለው ያነክሳል። እኔ በምን አውቃለሁ?»

ልጅቷ ተሻግራ መጥታ ወደ ተረከዙ አየችና ሳቋን ዋጠች። ውሃ የቋጠረው ቆዳ ፈንድቶ ጫማው ላይ ተጣብቋል። አሳየችው።

«ተረኛው ሲመጣ አየዋለሁ» አለና ውሻውን አስከትሎ ዙሩን ቀጠለ።

የውሻው ውስጥ እግር ከወር በኋላ ዳነ፤ ይዞት የሚዞረው ግን ሌላ ዘበኛ ነበር።