የፋብሪካው አልጋ

አክስቴ ቲማቲም ቸርቻሪ ናት። ሳጥን ስትገዛ ከላይ በተደረደረው አትሸወድም፤ እስከ ታች አገላብጣ ካላየች ገንዘቧ ከመቀነቷ አይወጣም። አከፋፋዮቹ ገና ከሩቅ ሲያዩዋት «መርማሪዋ መጣች» ይባባላሉ። እሷም ደስ ይላታል እንጂ አትቀየምም።

ሲሚንቶ ፋብሪካው ለሰፈራችን ጤና ጣቢያ የሳንባ ሕክምና ክፍል አሠራ፣ አልጋውም ኦክስጅኑም በነፃ ነው ተብሎ ሲወራ፣ ሰው ሁሉ ሲመርቅ እሷ አፏን አጣማ ምን ቢያገኙ ነው አለች። እኔ ደግሞ ታክታኝ ነበር። ምናለ አንድ ቀን እንኳ ሰውን በበጎ ብታይ ብዬ ተነጫነጭኩባት።

ምርጫ ግን አልነበራትም። ባሏ ትንፋሽ አጥሮታል። ጉልበቱን የጨረሰው እዚያው ፋብሪካ፣ ሲሚንቶ በከረጢት በሚሞላበት ክፍል ነው፤ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር አመድ ይመስል ነበር። አሁን ከአልጋው ተነስቶ በሩ ጋ ለመድረስ ግድግዳ ይዞ ያርፋል። ኦክስጅን ያለው ሌላ ሆስፒታል ሩቅ ነው፣ ዋጋውም አይቀመስም። እያጉረመረመች ወሰደችው፤ እኔም በአንድ ጎን ደገፍኩት።

ሐኪሙ ትሑት ወጣት ነው። አባባ እያለ ሲጋራ ያጨስ እንደሆነ፣ ቤታቸው ምግብ በእንጨት ይበስል እንደሆነ፣ ከዘመድ አስም ያለበት ሰው እንዳለ ጠየቀው። ለሁሉም «የለም» ብሎ መለሰ። አክስቴ ጆሮዋን ቀስራ አንድ ጥያቄ ትጠብቃለች። ሐኪሙ ጨርሶ ጓንቱን ሲያወልቅ ግን አላስቻላትም።

«የት ይሠራ እንደነበረ አትጠይቀውም?»

ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያለውን የፋብሪካውን ዓርማ ሰረቅ አድርጎ አየና፣ «እናቴ፣ እኔ የማክመው ሳንባቸውን ነው» አላት።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቆማት። አጠገባችን የተኙትን አንድ በአንድ አውጣጣቻቸው። ሁሉም የዚያው ፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ናቸው፤ ስለ ሥራው የተጠየቀ ግን አንድም የለም። ይሄኔ የኔም ቆሽት አረረ፤ በእሷ ላይ በመነጫነጬም አፈርኩ። እሷ ይዛው ልትወጣ ልብሱን መሰብሰብ ስትጀምር ባሏ እጇን ያዛት። የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫው ውስጥ ከገባ ወዲህ ጋደም ብሎ መተኛት ችሏል፤ ቤት እያለ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያድረው።

«ተይኝ፣ ልተንፍስበት» አላት።

ልብሱን መልሳ ከአልጋው ሥር አስቀመጠችው።

በሳምንቱ የፋብሪካው ሰዎች ካሜራ ይዘው መጡ። ለበሽተኞቹ ዓርማ ያለበት ቲሸርት ታደለ፤ ያልቻለውን ነርሶቹ አለበሱት። ማይክ የያዘችው ሴት ከአልጋ አልጋ እየዞረች ታስመሰግን ጀመረች። የአክስቴ ባል ጋ ስትደርስ ከምን እንደታመመ ጠየቀችው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ክንዱን የኦክስጅኑ ሲሊንደር ላይ አሳርፎ ቆሟል።

«ከሲጋራ ነው» አለ የአክስቴ ባል። «በወጣትነቴ አበዛ ነበር።»

ይህ ሰው በሕይወቱ ሲጋራ ነክቶ አያውቅም። የሚያጨስ ሰው አጠገቡ ከተቀመጠ እንኳ ተነስቶ የሚሄድ ነው። ሴትዮዋ ማይኩን ወደ አክስቴ አዞረች። እኔ አሁን ጉዳቸውን ታወጣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አክስቴ ሥራ አስኪያጁን አየችው፣ ከዚያ ከፍ ዝቅ የሚለውን የባሏን ደረት አየች።

«አዎ» አለች፣ «ስንቴ ተው ብዬው ነበር።»