የአጎቴ ቀይ ጓጉንቸር

አጎቴን አላህ ይማራቸው ለማለት አርሂባ ሰፈር ቤታችን የመጣችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ፤ ሼፋቸው፣ የሥራ አለቃቸው፣ ሲቀር።

አጎቴ ዶራሌ ወደብ ነዳጅ መጫኛው ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበሩ። በሺዎች ቮልት የሚሠራ የፓምፕ ሞተር ከመነካቱ በፊት ኃይሉን ያጠፉና ማንም እንዳያስነሳው የማስነሻው ሳጥን ላይ የራሳቸውን ቀይ ጓጉንቸር ይቆልፋሉ። ቁልፉ ከአንገታቸው አይወርድም። ቁልፉን አምጡ የሚላቸውን ሁሉ፣ "መጀመሪያ ሞተሩ ጋ ማን እንዳለ አይተህ ና" ይሉታል። ሼፉ በዚህ ስንቴ ጮኸባቸው!

ያን ቀን ምሳ ሊበሉ ቤት እንደገቡ ልባቸው ቀጥ አለ። ሬሳቸው ገና ሳይወጣ ሼፉ መጣ። ነፍስ ይማር እንኳ ሳይል፣ "ቁልፉን አምጣ፤ መርከብ ቆሞ እየጠበቀ ነው" አለኝ።

"ሞተሩ ጋ ማን አለ?" አልኩት።

"የሞተ ሰው ጓጉንቸር ነው! ማን ይኖራል?"

አብሯቸው ለሚሠራው ልጅ ደወልኩና ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ስፒከሩን ከፈትኩት።

"የሞተሩን ገመድ እያሰርኩ ነው" አለ ልጁ። "ጋሼ ምነው ቆዩ?"

ስልኩን ለሼፉ ዘረጋሁለት።

"በል፣ አንተው ንገረው።"