ከሊማሊሞ የተመለሱት ከብቶች

ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጄ ለእረፍት መጥታ፣ ሆድ ውስጥ ስለሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ስታወራልኝ አመሸች። ጤነኛ ሆድ ከጤነኛ ሆድ ይመሳሰላል፤ ጭንቅ የነካው ግን እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ ይበላሻል አለችኝ። እሷ ስታወራ እኔ በሬያችን ዳለቻ ትዝ አለኝና ታሪኩን አጫወትኳት።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ዳባት ላይ ዝናቡ ቀርቶ ግጦሹ አመድ መሰለ። አባቴና እኔ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች፣ ቦራንና ዳለቻን፣ ከላሚቱ ጋር እየነዳን በሊማሊሞ ወደ አዲ አርቃይ ወረድን። ድሮ የሦስቱ እበት አንድ ዓይነት ስለነበር የየትኛው እንደሆነ አይለይም። ከብት ያለው ሰው እበት ያያል፤ ምን ታደርጉታላችሁ!

ቆላውም አልሆነልንም። ሙቀቱ፣ ዝንቡ፣ ጥማቱ! ስንመለስ ደግሞ በጠመዝማዛው መንገድ የጭነት መኪና ጡሩምባ እያስበረገጋቸው ወጣን። ቤት በደረስን ማግስት ላሚቱን እንደ ውሃ ያስቀምጣታል፤ የቦራ እበት ድንጋይ ሆኗል፤ ዳለቻ ብቻ ደህና ይመስላል፣ ከስቷል እንጂ።

«አንድ ሜዳ ግጠው፣ አንድ ውሃ ጠጥተው፣ እንዴት እንዲህ ይለያያሉ? ይሄ ነገር ደግ አይደለም» አለ አባቴ።

እናቴ አንጀቷ አልችል አለ። «የደከመ ይብላ፤ የሚያርስልን እሱ ነው» ብላ፣ ለዘር ካስቀመጥነው ገብስ ለዳለቻ በቁና ሰጠችው። እኛ ዘንድ ለደከመ በሬ እህል መስጠት ፍቅር ነው። የተራበ ሆዱ ግን ገብሱን አልቻለውም። በማግስቱ ጎኑ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ወደቀ፤ ሳይነሳም ሞተ። እናቴ «እጄን በቆረጠው!» እያለች ጮኸች።

ቦራም ማመስኳቱን ተወ። አባቴ ከቀዬው ያልወጣችውን የጎረቤታችንን የአያ መኳንንትን ላም ለምኖ፣ የምታመሰኳውን ከአፏ ወስዶ ለቦራ አጎረሰው፤ የአባቶቻችን መድኃኒት ነው። ውሎ አድሮ የቦራ አገጭ ሲንቀሳቀስ ባየሁ ጊዜ እንባዬ መጣ።

አንድ በሬ ግን አያርስም። አያ መኳንንትም ያላቸው አንድ በሬ ነበር፤ አባቴ ሁለቱን አብረን ጠምደን ተራ በተራ እንረስ፣ እንቀናጅ አላቸው።

«ወዳጄ፣ ላሜን ለመድኃኒት ሰጠሁህ። በሬዬን ግን ከዚያ በረት አላገናኝም፤ ልጆች አሉኝ» አሉት።

አልተቀየምናቸውም ብል ውሸት ነው። ማሳችን ጦም አደረ።

«ቦራስ ዳነ?» አለችኝ ልጄ።

«ዳነ» አልኳት። ያልዳነውን ግን አልነገርኳትም። በደጉ ጊዜ የሰፈራችን ሰው ሁሉ አንድ ይመስል ነበር። በዚያ ዓመት አንዱ በሩን ዘጋ፣ አንዱ ተሰደደ፤ አባቴ የዳነውን በሬ እያየ ደጅ ተቀምጦ፣ ከእኛ ጋር ሳይነጋገር ክረምቱ አለቀ።

ዘንድሮም ዝናቡ ዘግይቷል። ጠዋት ስነሳ ሰማዩን ትቼ የጎረቤቶቼን ፊት አያለሁ።