ማኅተም ያረፈበት የዕርቅ ወረቀት

ትርፌ ልትፈታው የተነሣችው ችግር ሲያወሩት ቀላል ነው፤ የወላይታ ሶዶ አሠሪዎች ጠበቃ ፍለጋ የሚመጡት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የመንግሥት የሥራ ደኅንነት ተቆጣጣሪ እንጨት ቤት ወይም ብሎኬት ማምረቻ ገብቶ ሠራተኛን የሚያሰጋ ነገር ሲያገኝ ወረቀት ይጽፋል። ትርፌ ወደ ጥብቅና ከመግባቷ በፊት ስድስት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ወረቀት ስትጽፍ ኖራለች። ባለቤቶቹ ማኅተሙን ሲያዩ ወህኒ ቤት ይታያቸዋል። ደስ የሚለው ግን ወረቀቱ መውጫ ያለው መሆኑ ነው። የጎደለው በተራ ቁጥር ተዘርዝሯል፤ እስከ መቼ መስተካከል እንዳለበትም ከጎኑ ተጽፏል። ለእያንዳንዱ ቁጥር መልስ አለው። ወይ አስተካክሎ ማሳየት ነው፣ ወይ ምክንያት አቅርቦ ጊዜ መጠየቅ፣ ወይ ይግባኝ ማለት። ክፋቱ ይግባኝ የሚባልበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

አረካ መንገድ ላይ ቢሮ ስትከፍት «ወረቀቱ በደረሰዎት ዕለት ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ በአማርኛና በወላይትኛ አጽፋ በራፏ ላይ ለጠፈች። በሦስት ዓመት ውስጥ በዕለቱ የመጣ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ፎቶ ኮፒ ቤት መስሎት ነበር የገባው።

ጋሽ ሀብተሚካኤል የመጡት ወረቀቱ በደረሳቸው በሃያ ሦስተኛው ቀን ነው። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው የከፈቱትን እንጨት ቤት ወርሰው ዘጠኝ ሰው ያሠራሉ። ከዘጠኙ አንዱ በድሉ በመሰንጠቂያው ማሽን ሁለት ጣቱን አጣ። ተቆጣጣሪው መጋዙ እጅን የሚከልል ክዳን እንደሌለው አይቶ ጻፈ። አሁን ደግሞ ቤቱ ታሽጓል።

«ሃያ ሦስት ቀን የት ነበሩ ጋሼ?»

«ሽምግልና ላይ ነበርኩ እንጂ! እጄን አጣጥፌ የተቀመጥኩ መሰለሽ?»

«ለተቆጣጣሪውስ መልስ አልሰጡም?»

«ሰጥቻለሁ፣ ያውም የመልስ መልስ!» ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «ኮፒውን ራሴ ወሰድኩለት። ታርቀናልና ዶሴውን ዝጋው አልኩት። እሱም አመስግኖ ተቀበለኝ።»

ትርፌ አነበበችው። «የመጋዙን ክዳን ያወለቅሁት እኔ ነኝ። በድሉን ያለ ክዳን ያሠራሁትም እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ።» ከሥሩ የአምስት ሽማግሌዎች ፊርማ አለ።

«እንዴት አያመሰግን!» አለች። «እውነት እርስዎ ነዎት ያወለቁት?»

«ኧረ በድሉ ራሱ ነው! ወፍራም ግንድ አላሳልፍ ቢለው ፈታው። እኔ የዚያን ቀን ሁምቦ ሄጄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ፈረሙ?»

«ጣቱ የተቆረጠ ሰው ፊት ቆሜ ‹ጥፋቱ ያንተ ነው› ልበል? የሽማግሌዎቹ መሪ አባ ቦልቴ ‹ታላቅ ነህና በደሉን አንተ ተሸከም፣ አለዚያ ምርቃት የለም› አሉ። ተሸከምኩ። በዳጣ ሥጋ በላን፣ ተመረቅን፣ አለቀ። ደግሞ በድሉ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ከቤቴ ሥራ አያጣም ብዬ ምያለሁ።»

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የትርፌም ሐሳብ ዘወትር የሚመላለሰው እዚሁ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ማን ክዳኑን እንደፈታ አልጠፋቸውም። ዕርቅ ግን የሚፈልገው የሚሸከም ትከሻ ነው፤ ጠንካራው ይሸከማል፣ የተጎዳው ቀና ይላል፣ ሰፈር ሰላም ያድራል። ያው ወረቀት መንገድ ተሻግሮ የተቆጣጣሪው ቢሮ ሲገባ ሌላ ነገር ይሆናል። እዚያ ትከሻ አይታይም፤ የሚነበበው የእምነት ቃል ነው። ጥፋቱ በቸልታ ሳይሆን ሆን ተብሎ የተፈጸመ ሆነና ቤቱ ታሸገ።

ቀዳዳው አንድ ነበር፤ በድሉ ክዳኑን የፈታው እሱ መሆኑን ቢመሰክር። እንዲያም ሆኖ አሠሪ ሠራተኛውን መቆጣጠር ስላለበት ጋሽ ሀብተሚካኤል ጨርሶ ነጻ አይወጡም። ግን ሆን ብሎ የሚለው ቃል ይነሣ ነበር። በድሉ ተጠርቶ መጣ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ሰማት።

«እፈርማለሁ እትዬ። እኔው ነኝ የፈታሁት።»

«አርፈህ ተቀመጥ!» አሉ ጋሽ ሀብተሚካኤል። «የሽማግሌ ዕርቅ አፍርሰህ ልጆችህን ልታስረግም ነው?»

«ቤቱ ተዘግቶ ከሚቀርስ ጋሼ?»

«ይቅር! ታርቄ ሳበቃ ባንተ አላመካኝም።»

ትርፌ አባ ቦልቴ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው «ሳሮ፣ ልጄ» ብለው በወላይትኛ ሰላምታ በወጉ ተቀበሏት፤ የመጣችበትን እስክትጨርስ አዳመጧት። «የጠገገ ቁስል ለቢሮ ብለን አንነካካም» አሉ። ደግማ አልጠየቀችም።

ቀኑ ያለፈበት ይግባኝ እንዲታይላት ሁለት ጊዜ ጻፈች። ሽምግልና ላይ መቆየት በቂ ምክንያት አይደለም ተብላ ሁለቱንም ጊዜ ተመለሰች። ከዘጠኙ ሠራተኞች አራቱ ሌላ ቦታ ተቀጠሩ። በድሉን በዚህ እጁ የሚቀጥረው አልተገኘም፤ ጋሽ ሀብተሚካኤል የማሉለት ሥራ በታሸገው በር ውስጥ ነው።

ያም ሆኖ ትርፌ ብየዳ ቤት ሄዳ ክዳን አሠርታለች። ላገኘችው ሰው ሁሉ የምታስረዳው ክዳን ነው። በማጠፊያ ስለተያዘ ወፍራም ግንድ ሲመጣ ከፍ ይላል፣ ሲያልፍ ተመልሶ ይወርዳል፤ ማንም ሊፈታው አያስፈልግም። መጋዙ ላይ ይግጠም አይግጠም ግን አልታወቀም፤ ልኩን የሰጣት በድሉ በቃሉ ነው፤ መጋዙ ያለው ከማኅተሙ ወዲያ ነው።

ሦስተኛው ማመልከቻዋ ስለ ይግባኝ አያነሣም። ማኅተሙ ለአንድ ሰዓት ተነሥቶ ክዳኑ እንዲገጠምና ተቆጣጣሪው እንዲያየው ብቻ ይጠይቃል። ዛሬ ጠዋት የተቆጣጣሪው ቢሮ ጸሐፊ «ፋይሉ ተዘግቷል፣ ኃላፊውም ስብሰባ ላይ ናቸው» ብላታለች። ትርፌ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር አልተነሣችም። በድሉ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለውን ክዳን በጉልበቶቹ መካከል ይዞ አጠገቧ ተቀምጧል።

«ባይገጥምስ እትዬ?»

«መጀመሪያ ያስገቡን» አለችና የስብሰባ አዳራሹን በር ትጠብቅ ጀመር።