በሬውን ያስወደደው ሰው

ሥጋ ለምን እንደተወደደ የማያውቅ ሰው ገርጂ ውስጥ አላገኘሁም። ታክሲ ውስጥ ጥፋቱ የመንግሥት ነው፤ ባለሱቁ ዘንድ የዶላር ነው፤ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ማኪያቶ ይዘው የሚከራከሩ ወዳጆቼ ዘንድ ደግሞ የነዳጅና የከብት መኖ ነው። ሁሉም የሚስማሙበት ጥፋተኛ ግን አንድ ነው፦ ደላላ። እኔ ደግሞ ይህን ያህል ሰው በአንድ ነገር ሲስማማ መጠርጠር ይቀናኛል። ስለ ገበያ ብዙ አንብቤአለሁ፤ በሬ ሲገዛ ግን አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ለፋሲካ የኮንዶሚኒየም መግቢያችንን የቅርጫ በሬ የሚገዛ ሰው ሲመረጥ እጄን አወጣሁ። ጎረቤቶቼ ተያዩ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቁኝ ሥጋው ተመድቦ ሲያልቅ ብቅ ስል ነው።

ከመሄዳችን በፊት አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ጡረተኛ ነርስ ደረጃው ላይ ጠበቁኝ። የአንድ ሰው ድርሻ ስንት ድረስ ቢሆን ጡረታቸው እንደሚችለው በጆሮዬ ነገሩኝ።

«ከዚህ ካለፈ እኔን አውጣኝ» አሉ። «ለሌሎቹ እህቷ ጋ ደብረ ብርሃን ሄደች በላቸው።»

«እውነት ሊሄዱ ነው እትዬ?»

«የት እሄዳለሁ? ቤቴን ዘግቼ እቀመጣለሁ እንጂ።»

የቅርጫ ዕለት ሁሉም ግቢ ወርዶ ሲንጫጫ በር ዘግቶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ ኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ ሰዉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሰላም ይልሃል።

ካራ የከብት ገበያ የሄድነው እኔና የቅርጫችን ሰብሳቢ፣ ሲኤምሲ ጋራዥ ያለው ጎረቤቴ ነን። አንድ ቀይ በሬ ወደድን። ባለበሬው ዋጋ አልጠራም፤ «እናንተ ስጡ» አለ። ሰጠን። ደላላው ከአንድ የጭነት መኪና ጀርባ ደርሶ ተመለሰ።

«ጋሼ፣ ሌላ ገዢ ከእናንተ በላይ ሰጥቷል።»

ጨመርን። ሄዶ ተመለሰ፤ ያው ነው። እንደገና ጨመርን።

«ሌላ ገዢ የሚባል የለም» አልኩት ሰብሳቢውን። «የታወቀ ዘዴ ነው።»

«ታዲያ ለምን እንጨምራለን?»

የሰጠነው ዋጋ ለየቤቱ ሲካፈል የነርሷን ልክ አልፏል። ደላላው ሲመለስ ተከትዬው ከመኪናው ጀርባ ዞርኩ።

የቆሙት የሚቀጥለው መግቢያ ሰዎች ነበሩ፤ ልብሳችንን በአንድ ገመድ የምናሰጣ ጎረቤቶቻችን። በውኃ ታንከር ከተጣላን ወዲህ ቅርጫችንን ለያይተን ነበር።

«አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ አንዱ። «እኛ እኮ ደላላው የፈጠረህ ሰው መስለኸን ነበር።»

«ሰው አለ አልኳችሁ» አለ ደላላው ተቀይሞ። በዚያ ረፋድ ከሁላችን እውነት ሲናገር የቆየው እሱ ብቻ ነው።

አሁን አንድ ላይ ስለሆንን ዋጋው ይወርዳል ብዬ ወደ ባለበሬው ሄድኩ። መጻሕፍቱ እንደዚያ ይላሉ።

«እኔ መች ዋጋ ጠራሁ?» አለ እየሳቀ። «ይህን የሰጣችሁኝ እናንተው ናችሁ። ብትተዉት ሆቴሎቹ ይወስዱታል።»

ገበያውን ዞር ብዬ አየሁት። በየበሬው ዙሪያ እንደኛ ሁለት ሦስት ሆነው የሚንሾካሾኩ ሰዎች ቆመዋል፤ በየመካከላቸው ደላላ ይሮጣል። ስንቱ ይሆን ከገዛ ጎረቤቱ ጋር የሚፎካከረው? መኖው መወደዱ እውነት ነው፣ ነዳጁም እንዲሁ። በዚህ በሬ ላይ የተጨመረውን ግን ማን እንደጨመረ በዓይኔ አይቻለሁ።

«ለሁለቱ መግቢያ አንድ በሬ ይበቃል» አለ ሰብሳቢያችን።

«የታንከሩ ጉዳይስ?» አለ ከወዲያኛው መግቢያ አንዱ።

«በሬው ውኃ አልጠየቀህም።»

ተስማማን። በሬው አልረከሰም፤ የየቤቱን ሥጋ የቀነስነው እኛ ነን። ለየብቻ ብንገዛ ኖሮ የምንወስደውን ሁለተኛ በሬ ማን በስንት እንደወሰደው እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አንኳኳሁ።

«ከልክዎ አላለፈም» አልኳቸው። «መደቡ ግን የአምናውን ግማሽ ነው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «ለእኔ ብለህ ነው ያስቀነስከው?»

«ኧረ እትዬ፣ እርስ በርሳችን ዋጋ ስንሰቅል ተይዘን ነው።»

ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። የደላላው መቀየም ጋ ስደርስ ሳቁ።

«እና የተቀነሰው ለሁሉም ነው?»

«ለሁሉም።»

«እንግዲያው ሳፋዬን ይዤ እወርዳለሁ።»